የቢሰጥ ገመድ

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ቀበሌ ቢሰጥን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያውቁት በሁለት ነገር ነው፤ በበርበሬውና በአፉ። በርበሬው ረጅም፣ ደም የመሰለ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ነበር። ስለ አፉ ደግሞ ጎረቤቱ እትዬ ካሰች እንዲህ ይሉ ነበር፦ «በርበሬው ቢያቃጥል ውኃ ይጠጡበታል፤ ባለቤቱ ሲያቃጥል ግን ወንዝም አይበቃ።»

ቁጣው ከየት እንደመጣ ብዙ ተብሏል። ገሚሱ ከአያቱ የወረሰው ነው ይላል፤ ገሚሱ ዓይን ነው ይላል። ሚስቱ ያይኔአበባ ግን ምክንያቱን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ከአጠገቧ ይተኛ ስለነበር። ምክንያቱ ገመድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬት ላራሹ በታወጀ ሰሞን ቢሰጥ ሰልፍ ወጥቶ ሲጮህና ሲያጨበጭብ ዋለ። ቤቱ ሲመለስ መሬቱ አለ፣ ሞፈሩ አለ፣ ቀንበሩ አለ፤ ከሁለቱ በሬዎቹ ግን አንዱ ተሰርቋል። ከዚያ ወዲህ የቀረውን በሬ፣ ወይኖን፣ ቤት ውስጥ ያሳድረው ጀመር። ይህን ማንም ያደርገዋል። ቢሰጥ ግን የገመዱን አንድ ጫፍ በወይኖ ቀንድ፣ ሌላውን ጫፍ በገዛ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰረ። ሌባ በሬውን ቢነካ ገመዱ ይስበዋል፤ ሲስበው ይነቃል። ሐሳቡ እንከን የለውም። አንድ ነገር ብቻ ተረስቷል፤ በሬ ሌባ ባይነካውም ይንቀሳቀሳል።

ወይኖ ዝንብ ሲነክሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ቢሰጥ ብድግ ይላል። ወይኖ ያመነዥካል፤ ገመዱ ይርገበገባል፤ ቢሰጥ «ማነህ!» ይላል። ቢሰጥ በእንቅልፍ ልቡ እግሩን ሲሰበስብ ደግሞ የወይኖ ቀንድ ይጎተታል። እንዲህ ሲጓተቱ ያነጋሉ። ጧት ሁለቱም ዓይናቸው ደም ለብሶ፣ ሁለቱም የሚወጉት ሰው እየፈለጉ ይወጣሉ።

«አንተ ሰውዬ፣» ትለው ነበር ያይኔአበባ፣ «ሌባው የመጣ ዕለት በሬውን ብቻ አይደለም፣ አንተንም ጎትቶ ይወስድሃል። ከዚያ የትኛችሁን ልፈልግ ነው?»

«በሬውን ፈልጊ፤» ይላታል። «ባል ሞልቷል።»

ባለ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። እንደሱ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን መሬት ያርሳሉ። መቀናጆ እንግዲህ ከትዳር የማይተናነስ ነገር ነው። ቢሰጥ ደግሞ መቀናጆ አይበረክትለትም። መጀመሪያ የተቀናጀው ባዬ አንድ በጋ እንኳ ሳይሞላው በሬውን ነድቶ ሄደ። ከባዬ ቀጥሎ የመጣው፣ ንብረት የሚባል ሰው፣ በእርሻ መካከል ፈትቶ ነው የሄደ፤ ቢሰጥ በሬውን «እንደ ጌታህ ሲጠሩህ የምትተኛ» ስላለው።

አሁን የቀረው ሙጬ ነው። ሙጬ ረጋ ያለ፣ ቃል ሲያወጣ እንደ ዘር እየቆጠበ የሚያወጣ ሰው ነበር፤ ቦራ የሚባል ደልዳላ በሬም ነበረው። በህዳር ሚካኤል፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት፣ ሙጬ ተነሣ።

«ቢሰጥ፣ ስማኝማ። እኔን ሰድበሃል፤ ችያለሁ። አባቴን ሰድበሃል፤ ሞቷልና አይሰማህም። ቦራ ግን ቁሞ ይሰማል። እስከ ፋሲካ እሞክርሃለሁ። እስከዚያ በእርሻ ላይ ያ አፍህ ከተከፈተ፣ ቦራን ይዤ ወደ ባዬ ነው የምሄድ። ባዬ ደግሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀበለኛል።»

«ሁለት እጄንና ሁለት እግሬን፤» አለ ባዬ ከወዲያ።

ሰው ሳቀ፤ ቢሰጥ ግን አልሳቀም። ሙጬ ከሄደ ሌላ መቀናጆ እንደማይመጣ ያውቃል። መቀናጆ ከሌለ መሬቱ ጦም ያድራል፤ ጦም ያደረ መሬት ደግሞ ገበሬ ማኅበሩ ነጥቆ ለሌላ ይሰጠዋል። ስለዚህ ጠባዩን ሊለውጥ ቆረጠ። መጀመሪያ ዝም ማለትን ሞከረ። ሦስት ቀን ዝም አለ፤ በአራተኛው ቀን የአራቱን ቀን በአንድ ላይ ተናገረው። ቀጥሎ ሲናደድ የስንደዶ ስንጥር እንዲያኝክ እትዬ ካሰች መከሩት። አኘከ፤ እያኘከም ተሳደበ።

በዚያው ሰሞን የሰውን ጠባይ እለውጣለሁ የሚል ሰው ወደ ቀበሌው መጣ።

ጓድ ክንፈ ይባላል፤ ካድሬ ነው። ሙሉ ስሙ ክንፈሚካኤል ነበር፤ ሚካኤልን ከስሙ ላይ ያነሣው ካድሬ የሆነ ጊዜ ነው። ያም ሆኖ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ጉሮሮውን እያመመው ስብሰባ አይጠራም ነበር። ይዞት የመጣው ሥራ «አዲሱን ሰው መፍጠር» ይባላል። እግዚአብሔር በአንድ ዕለት የፈጠረውን ሰው ጓድ ክንፈ በአንድ በጋ እንደገና ሊፈጥረው አቅዷል። ገበሬው በበዓል ቀን ስለማያርስ፣ የባከነ የሰው ኃይል እንዳይኖር፣ ስብሰባው በየበዓሉ ከቀትር በኋላ እንዲሆን ወሰነ። በዓል በማይጠፋበት አገር ስብሰባም አልጠፋም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ቢሰጥ የወይኖን ገመድ በያይኔአበባ እጅ አስይዞ፣ «እንዳትለቂው!» ብሎ ሦስት ጊዜ ከደጅ ተመልሶ አስጠንቅቆ ሄደ። ስብሰባው የአገልግሎት ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነበር። ከጥጉ የባዶ ማዳበሪያ ጆንያ ክምር አገኘና ተቀመጠ፤ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል ተክሎ አገጩን አሳረፈበት።

ጓድ ክንፈ ጀመረ። ድምፁ ከፍ አይልም፣ ዝቅ አይልም፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ አንድ ዓይነት ነው። ንግግሩ ከጥንታዊው የጋራ ሥርዓት ተነሣ፤ ቢሰጥ ነቅቶ ይሰማል። ወደ ባሪያ ሥርዓት ተሻገረ፤ የቢሰጥ ዓይን ከበደ። ፊውዳሉ ላይ ሲደርስ ሽፋሽፍቱ ተገናኘ። ካፒታሊዝምን አላያትም። እንደ አገሪቱ እሱም ዘሏት አለፈ፤ አገሪቱን እንቅልፍ ይውሰዳት አይውሰዳት እንጃ፤ እሱን ግን ወሰደው። እግሩን የሚስበው ነገር አልነበረም። ለብዙ ዘመን ያልተኛው እንቅልፍ ሁሉ እንደ ክረምት ጎርፍ መጣበት።

ተቀምጦ የሚተኛ ሰው ራሱ ይወድቃል፤ ከዱላው ጫፍ ሲደርስ ይነሣል፤ እንደገና ይወድቃል። ጓድ ክንፈ ከፊት ሆኖ ሲያየው፣ ከዚያ ሁሉ ከሚያጉረመርም ሰው መካከል አንድ ገበሬ ጥጉ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ራሱን በመነቅነቅ እየተቀበለ ነው። ልቡ ሞቀ። ከዚያ በኋላ ንግግሩን ሁሉ ወደዚያ ጥግ አዙሮ ተናገረ።

ቢሰጥ በጭብጨባው ነቃ፤ እሱም አጨበጨበ። ወደ ቤቱ ሲገባ ያይኔአበባ ገመዱን እንደያዘች፣ ወይኖም ተጋድሞ እንደተኛ ነበር።

«እንዴት ዋልሽ?» አላት።

ገመዱ ከእጇ ወደቀ።

«ምን አልከኝ?»

«እንዴት ዋልሽ ነዋ ያልኩሽ። ደከመሽ እንዴ? ያንን ውኃ እኔ ላምጣው።»

ሲወጣ ጠብቃ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ተጣራች፦ «እትዬ ካሰች! ኧረ እትዬ ካሰች! ይኼን ሰው አንድ ነገር አድርገውት መጡ!»

እትዬ ካሰች መጥተው ግንባሩን ዳሰሱ። «ትኩሳት የለውም፤» አሉ። «ምናልባት ሊሞት ይሆናል። ሰው ሊሞት ሲል ጠባዩ ይመለሳል ይባላል።»

አልሞተም። በማግሥቱ ግን ሌሊቱን ከወይኖ ጋር ሲጓተት አድሮ ነበርና ዶሮዎቹን ሲሰድብ ተሰማ፤ ያይኔአበባም ተጽናናች። በሚቀጥለው በዓል ተሰበሰበ፤ ተኛ፤ ደግ ሆኖ ተመለሰ። በዓሉ እየበዛ፣ ስብሰባው እየተከታተለ ሲሄድ ደግነቱም እየበዛ ሄደ። ያይኔአበባ አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦

«ስብሰባው አይደለም እኮ። ገመዱ ነው። እዚያ እግርህን የሚጎትተው የለም።»

«ስብሰባው ነው፤» አለ ቢሰጥ። «ሰውየው ሲናገር ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይፈታል።»

«ታዲያ እዚህስ እግርህ ላይ ያለው ቢፈታ?»

«በሬውስ?»

ይህ «በሬውስ?» የሁሉ ነገር መዝጊያ ነበር።

በርበሬው ደርቆ ለገበያ ሲደርስ ጥር ገባ። በቡሬ ገበያ የሽዋስ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ነበር። የሽዋስ በየዓመቱ ከቢሰጥ ጆንያ አንድ እፍኝ ያነሣል፤ ይሰብራል፤ ያሸታል፤ «እርጥብ ነው» ይላል። እርጥብ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሰጥ ግን ይፈነዳል። የየሽዋስን ሚዛን፣ የየሽዋስን እናት፣ በአካባቢው የቆመውን ነጋዴ ሁሉ ይሰድባል፤ ሌሎቹ ገዥዎች ይሸሻሉ፤ ገበያው ሲበተን ጆንያውን ተሸክሞ ላለመመለስ ለዚያው ለየሽዋስ በተባለው ዋጋ ጥሎ ይሄዳል። የሽዋስ ቤቱን ቆርቆሮ የከደነው በቢሰጥ ንዴት ነው እየተባለ ይወራ ነበር።

ያን ሰሞን ግን ገና፣ ግዝረት፣ ጥምቀት ተከታትለው አልፈዋል፤ ስብሰባውም አብሮ ተከታትሏል። ቢሰጥ ጠግቦ ተኝቶ ነው ወደ ቡሬ የወረደው።

የሽዋስ ሰበረ፤ አሸተተ። «እርጥብ ነው።»

ቢሰጥ አዛጋ።

«እርጥብ ነው እያልኩህ ነው ቢሰጥ።»

«ይሁን።»

«ምኑ ነው ይሁን?»

«እርጥብ ይሁን። ይደርቃል። እኔ እንደሁ አልቸኮልኩ።»

የሽዋስ ግራ ቀኙን አየ። «ሌላ ገዥ አለህ አይደል? በነቀምት መንገድ የመጡት ሰዎች አነጋግረውሃል?»

ቢሰጥ በነቀምት መንገድ ማን እንደመጣ አያውቅም፤ ስለዚህ እንደገና አዛጋ። የሽዋስ ያንን ማዛጋት እንደ ምስጢር ቆጠረው። ዋጋ ጨመረ። ቢሰጥ ጆንያውን ተንተርሶ ጋደም አለ። የሽዋስ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ሌላ ጨመረ።

«ተነሥ እንጂ አንተ ሰው! ሰው እየተኛ እንዴት ይነግዳል?»

«አንተ ጨምር፤ እኔ እሰማሃለሁ፤» አለ ቢሰጥ ዓይኑን ሳይገልጥ።

የዚያን ቀን ማታ ቢሰጥ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለያይኔአበባ ነጠላ በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አንዲት ቀይ ጊደር እየነዳ ነበር። ያይኔአበባ ጊደሯን ዞራ ዞራ አየቻት፤ እልል ልትል አፏን ከፈተችና አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ይቺንስ ከየትኛው እግርህ ልታስራት ነው?»

«ከግራው፤» አለ ቢሰጥ፤ ቀልዷ አልገባውም። እንዳለውም አሰራት። ሀብቱ ሲጨምር ገመዱም ጨመረ።

እርሻ ተጀመረ። ሙጬ የመጀመሪያውን ቀን ትከሻውን ሰብስቦ፣ ስድብ እንደሚጠብቅ ሰው ሆኖ መጣ። ቦራ ከትልሙ ወጣ። ሙጬ ዓይኑን ጨፈነ። ቢሰጥ ግን «ና በልሃ፣ የኔ ጌታ» ብሎ መለሰው። ሙጬ ቆመ።

«ማንን ነው የኔ ጌታ ያልክ?»

«ቦራን።»

«አሃ።» ትንሽ ሄዱ። «አንተ ቢሰጥ፣ አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታመህ ከሆነ አትዳን፤» አለ ሙጬ ከልቡ፤ ቀንበሩንም አስተካክሎ ቀጠለ። የዚያን ዓመት የሁለቱም መሬት ሰው ሁሉ ገና ሲጀምር ሁለት ጊዜ ታርሶ ነበር።

ይህ ለውጥ ከጓድ ክንፈ ዓይን አልተሰወረም። በየካቲት፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ስብሰባ፣ ቢሰጥን ከጥጉ አስነሥቶ ከፊት አቆመው። «ጓዶች፣ ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ትናንት ምን ነበር?»

«እሳት!» አለ ሕዝቡ።

«ዛሬስ?»

«አመድ!» አለ ባዬ፤ ሳቅ ሆነ።

«ጓድ ቢሰጥ፣» አለ ክንፈ፣ «ለሕዝቡ ንገር። ምን ለወጠህ?»

ቢሰጥ ገና እንቅልፉ አልለቀቀውም፤ ውሸትም አልለመደም። «ስብሰባው ነው፤» አለ።

«ከስብሰባው የትኛው ክፍል?»

«መካከሉ። መጀመሪያው ላይ ትንሽ ያስቸግረኛል። መካከሉ ላይ ስደርስ ነው ደህና የምሆን። ረዘም ቢል ደግሞ...» ቃሉን ሳይጨርስ አዛጋ።

ጓድ ክንፈ ሰማ። ከሚቀጥለው በዓል ጀምሮ የንግግሩ መካከል በእጥፍ ረዘመ። ሕዝቡ ፀሐይ ጠልቃ ላሞች ራሳቸው ወደ ቤት ሲገቡ በመጋዘኑ ስንጥቅ እያየ ይቀመጥ ጀመር።

«አንተ ሰው፣» አለው ባዬ ሲወጡ፣ «ክፉ በነበርክ ጊዜ የምትጎዳው አንድ ሰው ነበር። ደግ ስትሆን ቀበሌውን ጨረስከው።»

ጓድ ክንፈ ሪፖርት ጻፈ፤ አንድ ኋላ ቀር ገበሬ ንቃቱ እንዴት ከፍ እንዳለ በዝርዝር ገለጠ። የበላዮቹ ደስ አላቸው። ይህን የመሰለ ሰው በአንድ ቀበሌ ሊቀር አይገባውም ብለው በመጋቢት ወደ ፍኖተ ሰላም አሳድገው ወሰዱት። ቢሰጥም በደግነቱ የደግነቱን ምንጭ አጣ።

በምትኩ የመጣችው ጓድ ደስታነሽ ሌላ ሰው ነበረች። ወጣት ናት፤ ጉልበተኛ ናት። ወደ መጋዘኑ እንደገባች የጆንያውን ክምር አየች።

«ቁጭ ብሎ የተለወጠ አገር የለም፤ ተነሡ!» አለች።

ሰው ተነሣ። መዝሙር ተዘመረ፤ ግራ እጅ ተነሣ፤ ተጨበጨበ፤ ወንዱ ዶማ ይዞ መንገድ ሊጠግን ወጣ። ስብሰባው ለአንድ ጥሬ መቁያ እንኳ አልበቃም። ሕዝቡ መረቃት። ቢሰጥ ግን በበሩ ላይ ጠበቃት።

«ጓድ፣ ስለ ባሪያ ሥርዓት ትንሽ ቢነግሩን ብዬ።»

«እሱ አልፏል ጓድ!»

«ማለፉንስ አውቃለሁ። እንዴት እንዳለፈ፣ ቀስ ብለው...»

«ወደፊት ነው የምናየው!» አለችና ዶማ ሰጠችው።

ቢሰጥ አሁን በግራ በጊደር፣ በቀኝ በበሬ እየተሳበ ነው የሚያድረው። ጊደሯ ልጅ ናት፤ አታርፍም። ከሳምንት በኋላ ዶሮዎቹ ሲያዩት ይበተኑ ጀመር። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ እትዬ ካሰች «ተመስገን፣ ድኗል» አሉ። ወይኖም ጎኑ ተቆጠረ። ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት፣ በሙጬ መሬት ላይ፣ ቦራ ደክሞት ከትልሙ መካከል ተንበረከከ።

«ተነሥ አንተ እንደ ጌታህ...» ብሎ ጀመረ ቢሰጥ።

ሙጬ እጁን ከእርፉ ላይ አነሣ። ቢሰጥ አፉን ዘጋ፤ የቀረው ቃል ግን ጥርሱ ላይ ቆሞ ይታይ ነበር።

«እንደ ጌታህ ምን?» አለ ሙጬ።

«ምንም።»

«ግማሿን ነው የሰማሁ።» ሙጬ በሬዎቹን ቀስ ብሎ ፈታ። «ግማሽ ስድብ አልቆጥርም። ፋሲካ ግን ገና አልደረሰም ቢሰጥ። ሌላዋን ግማሽ ከሰማኋት አበቃ።»

ቢሰጥ በማግሥቱ ጧት ቡሬ ወርዶ በእህል መኪና ላይ ተሳፈረና ፍኖተ ሰላም ገባ። ጓድ ክንፈን ለምኖ ሊመልሰው፣ ካልሆነም አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ እንዲናገርለት ሊለምነው ነበር የሄደው።

ቢሮውን ጠይቆ አገኘው። በሩ ላይ ያለችው ጸሐፊ ከውስጥ በሚመጣ ጩኸት ትከሻዋን ሰብስባ ነበር፤ ልክ ሙጬ እንደሚሰበስበው። ቢሰጥ ያንን ትከሻ አወቀው።

ገባ። ጓድ ክንፈ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ጉንጩ ገብቷል። ያ እንደ ወፍጮ የሚፈስ ድምፁ ጠፍቶ እንደ ተሰበረ ሸክላ ሆኗል።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ቢሰጥ ነኝ ጌታዬ፤ አዲሱ ሰው።»

«ጌታዬ አትበል! ጌታ ቀርቷል! ተቀመጥ! አይ፣ እዚያ አይደለም፤ የዚያ ወንበር እግር ተሰብሯል፤ ሆን ብለው ነው የሰበሩት!»

ቢሰጥ ቆሞ ቀረ። «አሞዎታል?»

«አልታመምኩም! አልተኛሁም እንጂ አልታመምኩም። ይህን ቦታ የሚፈልግ ስንት ሰው እንዳለ ታውቃለህ? ማኅተሙ ያለው በዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉን ለማን ልመን? ለማንም! እዚሁ ነው የማድር፤ እዚች አግዳሚ ላይ። ቁልፉን ከእጄ ጋር አስሬ፣ ሲባጎውን ከሳጥኑ ጋር አያይዤ። ማን ይነካታል እስቲ!»

«ሲነኩት እንዲስብዎት።»

«አዎ! ሲነኩት እንዲስበኝ!»

«አይጥ ሲነካውም ይስብዎታል።»

ቢሰጥ የካድሬውን እጅ አየ። አንጓው ላይ ዙሪያውን ጠጉሩ የተመለጠ፣ ቀይ የሆነ ቀለበት አለ። ቢሰጥ ያንን ቀለበት ከየት እንደሚያውቀው ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። ጎንበስ ብሎ የገዛ ቁርጭምጭሚቱን አየ፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን።

«ማኅተሙ የእርስዎ ነው?» አለ።

«የሕዝብ ነው።»

«እንግዲያ ሌባ ቢወስደው ሕዝቡ ይፈልገዋል። ለምን ብቻዎን ይታሰሩለታል?»

«ውጣ!» አለ ጓድ ክንፈ።

ቢሰጥ ወጣ። ሊለምን የመጣበትን ነገር አንድ ቃል አልተናገረም፤ አላስፈለገውምም። በእህል መኪናው ላይ እስከ ቡሬ ድረስ ጆንያ ተንተርሶ ተኛ። እግሩን የሳበው አልነበረም።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ምንም ሳይናገር የወይኖን ገመድ ያዘና እየሳበ ወጣ። ያይኔአበባ ተከተለችው።

«ወዴት ነው?»

«ዝም ብለሽ ነይ። ሐሳቤን እንዳልለውጥ ከኋላዬ ሁኚ።»

ሙጬ ደጁ ላይ ቀንበር እየጠረበ ነበር። ሙጬ ጠንካራ በረትና ሁለት ውሾች አሉት። ቢሰጥ ገመዱን ዘረጋለት።

«ከቦራ ጋር ይደርልኝ።»

ሙጬ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ይህ ሰው በሬውን ለሚስቱ እንኳ አንድ ሌሊት አምኖ እንደማያውቅ አገር ያውቃል። «ስንት ቀን?» አለ።

«እስከ ፋሲካ። ከዚያም... እናያለን።»

«ሌባ ቢወስደውስ?»

«ከወሰደ ሁለቱንም ነው የሚወስድ። አብረን እንፈልጋለን።»

«ደግሞ ጧት መጥተህ ከሳብኝ ብትለኝ?»

«ከሳብኝ አልልህም፤» አለ ቢሰጥ። «እኔ ዘንድ ሆኖ እንዴት እንደከሳ አይተኸዋል።»

ሙጬ ገመዱን ተቀበለ። ቢሰጥ ግን አለቀቀም። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም አንድ ገመድ ይዘው ቆሙ፤ ወይኖ መካከላቸው ያመነዥካል። ያይኔአበባ ከኋላ ሆና የባሏን ጣቶች ተራ በተራ ከገመዱ ላይ አላቀቀች።

ጊደሯንስ? ጊደሯን ከምሰሶው አሰራት። በማግሥቱ ቢሰጥ ረፋድ ላይ ነቃ። መጀመሪያ ያደረገው ወደ ሙጬ ደጅ መሮጥ ነበር፤ ወይኖ አለ። በሁለተኛው ቀን ቁርሱን በልቶ ሄደ፤ ወይኖ አለ። በሦስተኛው ቀን ሙጬ ራሱ ሁለቱን በሬዎች እየነዳ መጥቶ ከደጅ ጠራው፤ ተኝቶ ነበርና።

ፋሲካ መጣ። ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ሁሉም ሙጬን አየ። ባዬ ቦራን ሊቀበል እጁን አዘጋጅቶ ነበር።

«ሌላዋ ግማሽ አልመጣችም፤» አለ ሙጬና ጠላውን ጠጣ። ከሙጬ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይጥል፣ ጓድ ክንፈ ሥራ ሊጎበኝ ከፍኖተ ሰላም መጣ። ከሲታ ሆኗል፤ ጓድ ደስታነሽን ገና ሰላም ሳይላት ተቆጣት። ሕዝቡ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰበ። ለእንግዳው ወንበር ስላልተገኘ ከጥጉ፣ ከጆንያው ክምር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «አዲሱ ሰው ስለ ለውጡ ይናገር» ተባለ።

ቢሰጥ ቆመ። ንግግር አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመረ። በሬው ስለተሰረቀበት ቀን፣ ስለ ገመዱ ዓይነት፣ ከምን እንደተገመደ፣ እንዴት እንደታሰረ፣ ወይኖ ዝንብ ሲነክሰው ወዴት እንደሚዞር፣ ሁሉንም በተራ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ዝቅ ሳያደርግ ተናገረ። ወደ መካከሉ ሲደርስ ጓድ ደስታነሽ ልታስቆመው እጇን አነሣች። ሙጬ ክርኗን ነካ አደረገና በአገጩ ወደ ጥጉ አመለከታት።

ጓድ ክንፈ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ይወድቃል፤ ይነሣል፤ ይወድቃል።

«እያንዳንዷን ቃል ተቀበላት፤» አለ ባዬ በሹክሹክታ።

እጁ ከጆንያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቁልፉም በሲባጎው አብሮ። ሙጬ ወደ ቢሰጥ ጠጋ አለ። «እንፍታለት?»

ቢሰጥ የካድሬውን አንጓ አየ።

«ተወው። ይኼን ራሱ ካልፈታው አይፈታም።» ወደ ሕዝቡም ዞረና ንግግሩን ካቆመበት ቀጠለ፤ ረዘም አድርጎ።